ስሙ ስለገጠመ ዘመድ ነው? በዌልስ የዘር ሐረግ ጥናት አጠራጣሪ ትስስርን ማረጋገጥ

የዌልስ ተወላጅ የሆኑ አያት ቅድመ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው የመዝገቡ ሰዎች ስም መመሳሰል ነው። በአንድ ደብር፣ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ የተጠመቁ ሦስት ወይም አራት ጆን ጆንሶች ማግኘት የተለመደ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሚፈለገው ሰው ሊሆን ይችላል፤ አንዳቸውም ላይሆኑም ይችላሉ። ስለዚህ የጥናቱ ዋና ሥራ ሁለት ነገር ማሳየት ነው፦ የተገኘው ሰው በእርግጥ የተፈለገው መሆኑንና፣ ያንኑ ስም የያዙት ሌሎቹ ደግሞ እርሱ አለመሆናቸውን። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በእኔ እምነት በዌልስ የዘር ሐረጎች ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከስም አወጣጡ መነሣት ያስፈልጋል። የዌልስ ሰው ለብዙ ዘመን የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነበር። ወንዱ «አፕ» ወይም «አብ»፣ ሴቷ ደግሞ «ቬርህ» በሚል ቃል ከአባታቸው ስም ጋር ይያያዛሉ፤ የሪስ ልጅ ዳቪድ «ዳቪድ አፕ ሪስ» ይባላል፣ የዳቪድ ልጅ ሀወል ግን «ሀወል አፕ ዳቪድ» እንጂ የአያቱን ስም ይዞ አይጠራም። ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ባሕር ማዶ የሄደ ኢትዮጵያዊ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦ ልጆቹ ሲወርሱት የሚያየው ለውጥ በዌልስ በመላው ሕዝብ ላይ የደረሰ ነው። በ1536 እና በ1540ዎቹ መጀመሪያ በወጡ ሕጎች ዌልስ በእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት ሥር ስትጠቃለል እንግሊዝኛ የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ጸሐፊዎቹም ከሰው ሁሉ ቋሚ የቤተሰብ ስም ይጠብቁ ጀመር። ባለርስቶቹ አዲሱን ልማድ ቶሎ ያዙት። ገበሬውና የጉልበት ሠራተኛው ግን፣ በተለይ በሰሜንና በምዕራብ፣ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ 19ኛው መጀመሪያ ድረስ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ።

ስሙ በመጨረሻ ሲረጋ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሀወል ፓወል፣ አብ ኦወን ቦወን፣ አፕ ሃሪ ደግሞ ፓሪ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የበዙት ግን ጆንስ፣ ዴቪስ፣ ኢቫንስ፣ ዊልያምስ፣ ቶማስ፣ ሮበርትስና ሂዩዝ ናቸው። በዘመኑ ይወጡ የነበሩት የክርስትና ስሞች ጥቂት ስለነበሩ ከእነርሱ የተገኙት የቤተሰብ ስሞችም ጥቂት ሆኑ። ከዚህ ለተመራማሪው የሚተርፉት ችግሮች ሦስት ናቸው። አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ሊኖራቸው ይችላል። የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ወንድማማቾችም ስማቸው የረጋው በተለያየ ጊዜና ቦታ ከሆነ አንዱ ኢቫንስ፣ ሌላው ቶማስ ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ያገባች ሴትም ብዙ ጊዜ በአባቷ ስም መጠራቷን ስለማትተው የቀብር መዝገቧ ወይም የመቃብር ድንጋይዋ በባሏ ስም ስትፈለግ አይገኝም።

የአገሬው ሰው ራሱ ሰውን ከሰው የሚለየው በመኖሪያው ነበር። የእርሻው ወይም የቤቱ ስም ከሰውየው ስም ጋር አብሮ ይነገራል፣ በመቃብር ድንጋይ ላይም ይቀረጻል፤ ከ1813 ወዲህ ባለው የጥምቀትና የቀብር መዝገብ ላይም መኖሪያው የሚጻፍበት ረድፍ አለ። በመሆኑም አንድ የእርሻ ስም ከአሥር የቤተሰብ ስም ይልቅ ይጠቅማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የደብር ስም ግን እንዲህ አይታመንም። በካርዲጋንሻየር አውራጃ ብቻ ላንቪሃንገል አስትራድ፣ ላንቪሃንገል አ ክረይዲንና ላንቪሃንገል ገናይር ግሊን የሚባሉ የተለያዩ ደብሮች አሉ፤ «ላንቪሃንገል» የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ማለት ነውና በዚህ ስም የተሰየሙ ሌሎችም በመላው ዌልስ ተበትነዋል። አንድ የቆጠራ ጸሐፊ የትውልድ ቦታን «ላንቪሃንገል» ብሎ በአጭሩ ከጻፈ ፍለጋው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

መዝገቦቹን በአጭሩ እንያቸው። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። የ1841 ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ሰዎች ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት አጠጋግቶ የጻፈ ሲሆን ዝምድናንም አይገልጽም፤ ከ1851 ጀምሮ ግን ለቤተሰቡ ኃላፊ ያለው ዝምድናና የተወለደበት ደብር ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት ዋናው ምንጭ የደብር መዝገብ ነው። መዝገብ እንዲያዝ ትእዛዝ የወጣው በ1538 ቢሆንም በዌልስ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ያለው እምብዛም አልተረፈም። የደብር ካህናት በየዓመቱ ለኤጲስ ቆጶሱ ይልኩት የነበረው ግልባጭም በአብዛኛው ከ1660ዎቹ ወዲህ ያለው ነው፤ ዛሬ አበሪስትዊዝ በሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ዋናው መዝገብ በጠፋበት ወይም ውሃ በነካው ቦታ ይህ ግልባጭ ያድናል። ሁለቱም ባሉበት ጊዜም ማነጻጸሩ አይቅር፤ በአንዱ ላይ የሌለ የእርሻ ስም በሌላው ላይ ተጽፎ ይገኛልና።

ትልቁ ክፍተት ግን ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በየራሳቸው ጸሎት ቤት ያመልኩ በነበሩት ዘንድ ነው። በ1851 በተካሄደው የአምልኮ ቆጠራ በዌልስ ከአምላኪዎቹ አብዛኞቹ በእነዚህ ጸሎት ቤቶች የተገኙ ናቸው። ባፕቲስቶች ሕፃን ስለማያጠምቁ የልጅነት መዝገብ ላይኖር ይችላል። ካልቪናዊ ሜቶዲስቶች ደግሞ የራሳቸውን አገልጋዮች መሾም የጀመሩት በ1811 ስለሆነ ከዚያ በፊት ልጆቻቸውን በአብዛኛው በደብሩ ቤተ ክርስቲያን ያስጠምቁ ነበር። ከ1837 ጀምሮ ለመንግሥት የተሰጡት የጸሎት ቤት መዝገቦች ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው። ሁሉም ግን አልተሰጡም፤ ብዙዎቹም ከሰባኪው ጋር ወይም ከሽማግሌዎቹ ቤት ጠፍተዋል። በደብሩ መዝገብ ላይ አንድ ጥምቀት ብቻ ተገኘ ማለት በዚያ ስም አንድ ልጅ ብቻ ተወለደ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ማረጋገጡ ሥራ እንግባ። አንድ ለማስረዳት የተፈጠረ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ እንከተል። በ1851 ቆጠራ በብረት ማቅለጫዎቿ በታወቀችው በመርተር ቲድቪል ዴቪድ ኢቫንስ የሚባል የ40 ዓመት ሠራተኛ ተመዝግቧል፤ የትውልድ ቦታው «ላንቪሃንገል፣ ካርዲጋንሻየር» ይላል እንበል። ቸኩሎ ወደ ጥምቀት መዝገብ መሮጥ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ የተወው ዱካ ሁሉ አስቀድሞ መሰብሰብ አለበት። በ1861 ቆጠራ ዕድሜው 49፣ የትውልድ ቦታው ላንቪሃንገል አስትራድ ተብሎ በሙሉ ተጽፎ ተገኘ። ከ1837 በኋላ የፈጸመው ጋብቻ ምስክር ወረቀትም የአባቱን ስም ኢቫን፣ ሥራውንም ገበሬ ይላል። አሁን ደብሩ ታወቀ፣ የልደቱ ዘመንም ከ1810 እስከ 1812 ባለው ጊዜ ውስጥ ተወሰነ፣ የአባቱም የክርስትና ስም ተገኘ።

ቀጣዩ ሥራ ዝርዝር ማውጣት ነው። በላንቪሃንገል አስትራድና በአጎራባች ደብሮች፣ ሰፋ አድርገን ከ1806 እስከ 1815፣ አባቱ ኢቫን የሚባል ማንኛውም ዴቪድ የቤተሰቡ ስም ምንም ይሁን ምን ይጻፋል። ሦስት ልጆች ተገኙ እንበል፦ አንዱ የኢቫን ዴቪስ፣ ሁለተኛው የኢቫን ቶማስ፣ ሦስተኛው የኢቫን ኢቫንስ ልጅ። ልማድ የሚገፋን ሦስተኛውን ወደ መምረጥ ነው፤ ስሙ ልክክ ይላልና። የእያንዳንዱን ዕጣ እስከ መጨረሻው ስንከተል ግን የኢቫን ዴቪስ ልጅ በ1814 ሞቷል፤ የቀብር መዝገቡ ዕድሜውን ሦስት ዓመት፣ መኖሪያውንም ያው አባቱ የነበረበት እርሻ ይለዋል። የኢቫን ኢቫንስ ልጅ በ1851 ቆጠራ ሌሊት ማለትም ማርች 30 ቀን፣ በተወለደበት እርሻ ላይ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተቆጥሯል፤ በዚያው ሌሊት የእኛ ሰው መርተር ቲድቪል ነበር። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በሁለት ቦታ አያድርምና ይህም ወጣ። የቀረው በስሙ የማይመስለው፣ የኢቫን ቶማስ ልጅ ነው።

ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ሲደርስ ሐረጉን ዘግቶ ይነሣል። ሌሎቹ ስለወጡ ብቻ የቀረው ሰው አልተረጋገጠም፤ አራተኛ ልጅ በአንድ ጸሎት ቤት ተጠምቆ መዝገቡ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አሁን የሚያስፈልገው ሁለቱን ቦታዎች፣ ላንቪሃንገል አስትራድንና መርተርን፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያገናኝ ማስረጃ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ኑዛዜ ነው። ከ1858 በፊት በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች የጸደቁ ከ190,000 በላይ የዌልስ ኑዛዜዎች በዚያው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ምስላቸውንም በኢንተርኔት ማንም በነፃ ማየት ይችላል። ኢቫን ቶማስ በኑዛዜው «በመርተር ለሚኖረው ልጄ ለዴቪድ ኢቫንስ አምስት ፓውንድ ይሰጠው» ብሎ ጽፎ ከተገኘ ጥያቄው አበቃ፤ አባትና ልጅ በተለያየ የቤተሰብ ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቆመዋል። ኑዛዜ የሚተወው ሀብታም ብቻ እንዳይመስለን፤ ጥቂት ላሞችና የእርሻ ዕቃ ብቻ የነበረው ገበሬም ይናዘዝ ነበር፣ ከኑዛዜው ጋር የሚያያዘው የንብረት ዝርዝርም አልፎ አልፎ የእርሻውን ስም ይሰጣል።

ኑዛዜ ባይኖርስ? ያን ጊዜ ዙሪያውን ማየት ነው። በ1851 ከዴቪድ ቤት ተጠግቶ የሚኖረው ጎረምሳ የማን ልጅ ነው? ከኢቫን ቶማስ እርሻ አጠገብ ካለው ቤት የመጣ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ ከገጠር ወደ ብረቱና ወደ ከሰሉ የሄደው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ የተጓዘው የወንዙን ልጅ ተከትሎ ነውና። በጋብቻው ላይ የፈረሙት ምስክሮች እነማን ናቸው? ከ1754 ጀምሮ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ላይ ተጋቢዎቹና ምስክሮቹ ይፈርማሉ ወይም ምልክት ያደርጋሉ፤ የአንድ ሰው ፊርማ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ሰነድ ላይ ሲገኝ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው የእርሻ ኪራይ ውል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ባለርስቶች መሬታቸውን «ለሦስት ሕይወት» ያከራዩ ነበር፤ ውሉ የሚጸናው በስም ከተጠቀሱት ሦስት ሰዎች የመጨረሻው እስኪሞት ድረስ ነው። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ተከራዩ፣ ሚስቱና አንድ ልጁ ናቸው፤ አንዳንዴም ዕድሜያቸው አብሮ ይጻፋል። እንደ ናንቴዎስና እንደ ትራውስጎይድ ያሉ የካርዲጋንሻየር ርስቶች ሰነዶች በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ውሉን ለማግኘት የእርሻውን ስም ማወቅ ግድ ይላል።

ማስረጃ ሲመዘን የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ማን ተናገረ፣ እንዴትስ ሊያውቅ ቻለ? በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ያለውን ዕድሜ የሰጠው አማች ከሆነ በግምት የተናገረው ነው። የትውልድ ቦታን በተመለከተ ራሱ ሰውየው እንኳ በአንዱ ቆጠራ የተወለደበትን ደብር፣ በሌላው ያደገበትን ሊናገር ይችላል። ማውጫ ከመዝገቡ ምስል ጋር እኩል አይቆምም፤ ማውጫውን ያዘጋጀው ሰው አስቸጋሪ የእጅ ጽሑፍ ሲያነብ «ኤል» የሆነውን «ኤስ» ሊለው ይችላልና። ኢንተርኔት ላይ የተቀመጡ የዘር ሐረጎችም ከዚህ የተለየ ሚዛን የላቸውም። አሥር ሐረጎች አንድ ነገር ቢሉ አሥር ምስክሮች አይደሉም፤ ሁሉም ከአንዱ ገልብጠው ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው፣ ያም አንዱ ማስረጃውን ካላሳየ ምስክር የለም። በመስኩ በሰፊው የሚታወቀው የማረጋገጫ መለኪያ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ፍለጋው በቂ ስፋት እንዲኖረው፣ የእያንዳንዱ መረጃ ምንጭ በሙሉ እንዲጠቀስ፣ መረጃዎቹ ተመዝነው እንዲነጻጸሩ፣ የሚጋጩት እንዲፈቱና መደምደሚያው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲቀመጥ።

የስሞች መለዋወጥም ሊታወቅ ይገባል። እስከ 1733 ድረስ ብዙ መዝገብ በላቲን ስለተጻፈ «ዮሐንስ» የሚለው ሰው በቤቱ ሾን ወይም ኢቫን ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም የዮሐንስ አጠራሮች ናቸውና። ዳቪዝና ዴቪድ፣ ሻንና ጄን፣ ሎውሪና ላውራ፣ ካትሪንና ካተሪን እንዲሁ አንድ ሰው በተለያየ ጸሐፊ እጅ የሚያገኛቸው ስሞች ናቸው። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል፤ ይህን እንኳ በሁለት አቆጣጠር የምንኖር እኛ ቶሎ እንረዳዋለን። እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው በማርች 25 ቀን ስለነበር በኤፕሪል 1720 ተጋብተው በፌብሩዋሪ 1720 ልጅ ያስጠመቁ ባልና ሚስት መዝገብ ላይ ሲገኙ ልጁ ከጋብቻው በፊት የተወለደ ይመስላል፤ በእውነቱ ጥምቀቱ ከጋብቻው አሥር ወር በኋላ የሆነ ነው።

ዲኤንኤ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነው፤ ተገቢውን ቦታ ከሰጠነው ያገለግላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ስም ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በዌልስ ግን ከ300 ዓመት በፊት የአንድ አባት ልጆች የነበሩ ሰዎች ዘሮች ዛሬ ጆንስ፣ ሞርጋንና ሪስ ሊባሉ ስለሚችሉ የስም አለመግጠም ዝምድናውን አያፈርስም። ሁሉንም የዘር መስመር የሚመለከተው ምርመራ ደግሞ ከሩቅ ዘመድ ጋር ሲሆን አቅሙ ይቀንሳል። አንድ የቅድመ አያት ወላጆችን ከሚጋሩ ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል በምርመራው የሚታይ የጋራ ክፍል አይኖራቸውም፤ አንድ ትውልድ ሲርቅ ደግሞ ግማሽ ያህሉ አይገጥሙም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አለመግጠማቸው በዚህ ርቀት ምንም አያስረዳም። መግጠማቸውም ቢሆን ዝምድና መኖሩን እንጂ በየትኛው አያት በኩል እንደሆነ አይናገርም፤ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ የተጋቡ ቤተሰቦች ዘሮች በሁለትና በሦስት መንገድ ይዛመዳሉና። ውጤቱ የሚጠቅመው የሁለቱም ወገን የወረቀት ሐረግ አስቀድሞ በሚገባ ሲጣራ ብቻ ነው።

የዌልስ ሰው ዘሩን የመቁጠር ልማዱ ጥንታዊ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ አገሪቱ የጻፈ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ተራው ሕዝብ እንኳ አያቶቹን እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ፣ ከዚያም አልፎ በቃሉ እንደሚዘረዝር መስክሯል፤ ሰባት ቤት ለሚቆጥር አንባቢ ይህ የሚያስደንቅ አይሆንም። ባለቅኔዎቹም የመኳንንቱን ሐረግ መያዝ ከሙያቸው አንዱ ነበር፤ በ1586 የዌልስ ምክትል የዘር ሐረግና የአርማ መዝጋቢ ሆኖ የተሾመው ሉዊስ ደን ከባለርስቶቹ ቤት እየዞረ ሐረጋቸውን መዝግቧል። እነዚህ ሐረጎች ብዙ እውነት አላቸው፤ ሰው የሚስተው ግን መጨረሻቸውን ከራሱ ቤተሰብ ጋር ሲያያይዝ ነው። የመኳንንቱ ሐረግ በ1600 አካባቢ ያቆማል፣ የገበሬው የደብር መዝገብ በ1700 አካባቢ ይጀምራል፤ በመካከል ያሉት ሦስት ወይም አራት ትውልዶች በስም መመሳሰል ብቻ ከተሞሉ እስከ ልዑላኑ የተዘረጋው ሁሉ በአየር ላይ ቆሟል። በ1680ዎቹ ወደ ፔንሲልቬኒያ የተሻገሩት፣ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩት የዌልስ ኩዌከሮች ዘሮች ሐረጋቸውን ከነገሥታት ጋር ሲያገናኙ ይህ ክፍተት ተደጋግሞ ይታያል። በተለይ በደቡብ ዌልስ ያለው የግላሞርጋን አውራጃ ነገር ሲሆን ደግሞ ሰነዱ በማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅ ይገባል፤ ከ1747 እስከ 1826 የኖረው ዮሎ ሞርጋኑግ ጥንታዊ የሚመስሉ ጽሑፎችን እየፈጠረ ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሏል፤ ሊቃውንት ይህን በሚገባ የለዩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ትስስሩ ሳይረጋገጥ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሐረጉ ላይ በደማቅ መስመር ከመሳል ይልቅ በነጠብጣብ መስመር አሳይቶ «ሊሆን የሚችል» ወይም «የሚመስል» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ የሁለቱም ትርጉም በዚያው ሥራ ላይ ይገለጽ። የታዩት መዝገቦች ከነዓመታቸው፣ ተፈልገው ያልተገኙት፣ ከዝርዝሩ የወጡት ሰዎችና የወጡበት ምክንያት አብረው ይቀመጡ። በእኛ ምሳሌ የኢቫን ቶማስ ኑዛዜ ባይገኝ ኖሮ ማስታወሻው የኢቫን ዴቪስን ልጅ ቀብርና የኢቫን ኢቫንስን ልጅ የቆጠራ ገጽ ጠቅሶ፣ የጸሎት ቤቶቹ መዝገብ አለመገኘቱን ተናግሮ፣ የርስቱ ኪራይ ውሎች ገና አለመታየታቸውን ይጨምር ነበር። ሌላ ሰው ነገ ያንን ውል አበሪስትዊዝ ውስጥ ቢከፍት የትኛውን መስመር ማጽናት ወይም መሰረዝ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።